ፎቶ አልነሳም ያለው አባቴ

ሠርግ ላይ ከሙሽሮቹ ቀጥሎ ብዙ የሚታዘዙለት ሰው ማን ይመስላችኋል? ሼሁ? አይደሉም። ፎቶ አንሺው ነው። ቁሙ ሲል ይቆማል፤ ሳቁ ሲል ይሳቃል። የሙሽራውን አጎት ጉርሻ አፋቸው ውስጥ እንዳለ "ጋሼ፣ እንዳይውጡት!" ሲላቸው ጉንጫቸውን ነፍተው ሲጠብቁት በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አቤት" የምለው በሆዴ ነው። እህቴ ሐያት ልታገባ ቀን ሲቆረጥ፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ሥራ ሰሃን ማጠብ እንዲሆን ዱዓ አደርግ ነበር። አልሆነም። የደረሰኝ አባታችንን ፎቶ ማስነሳት ነው።

ቀላል መሰላችሁ አይደል? አባቴን ስለማታውቁት ነው።

አባቴ እንድሪስ በወጣትነቱ ወታደር ነበር። እናቴን ያገባት በፈቃድ መጥቶ ነው። ሌላ ደህና ልብስ ስላልነበረው የሠርጉን ፎቶ የተነሳው በወታደር ልብሱ ነው። ያ ፎቶ ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። እናቴ በነጭ ሻሽ፣ እሱ በመለዮ። ከዚያ ጦርነቱ እኛ ከተማ ደረሰ። ቤት ለቤት ይፈተሻል፣ ወታደር የነበረ ሰው ይፈለጋል ተባለ። አባቴ እሱ ያለበትን ፎቶ በሙሉ ለቅሞ የከሰል ምድጃው ላይ አቃጠለው። ፈታሾቹ መጡ። ግድግዳው ላይ ምስማር ብቻ አይተው ሄዱ።

ተረፍን፤ አልሐምዱሊላህ። እናቴ በዚህ አንድ ቀን እንኳን ወቅሳው አታውቅም። ምስማሩን ግን አልነቀለችውም።

ከዚያ ወዲህ አባቴን ፎቶ ተነሳ ብትሉት "ነገ የማቃጥለውን ዛሬ ለምን እነሳለሁ?" ይላችኋል። ለሠርጉ በሬውን መርጧል፣ ዳሱን ተክሏል፣ ዘመድ ጠርቷል። ፎቶው ላይ ግን የለሁበትም አለ።

የሐያት ባል ሥራው አፋር፣ ሎጊያ ነው። ከሠርጉ በኋላ ወደዚያ መሄዳቸው ነው። "አሹዬ" አለችኝ፣ እጄን ይዛ፣ "ከአባ ጋር አንድ ፎቶ እንኳን ሳይኖረኝ እንዴት አድርጌ አገር እለቃለሁ? አንቺን አይቆጣሽም። አንቺ ንገሪው።"

ልክ ናት፣ አይቆጣኝም። ችግሩ እሱ አይደለም። ችግሩ የእኔ አፍ ነው።

ከፎቶ አንሺው ጋር ለመዋዋል እናቴ፣ ሐያትና እኔ ሄድን። ቢኒያም ይባላል። አገልግሎቱን አንድ በአንድ ይዘረዝርልን ጀመር። አልበም አለ፤ ቪዲዮ አለ፤ በር ላይ የሚሰቀል ትልቅ ባነር አለ። "ከፈለጋችሁ ደግሞ ድሮን..." ከማለቱ እናቴ ብድግ አለች።

"አዑዙ ቢላህ! በልጄ ሠርግ ላይ ድሮን?"

እጄን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ። ትፈርዱባታላችሁ? እኛ አገር ድሮን ሲባል ሰው ሽቅብ አይቶ ይሮጣል እንጂ ፈገግ ብሎ አይቆምም። ቢኒያም መንገድ ድረስ ተከተለን። "እትዬ፣ አብሽሩ! የለንም እኮ! ዝርዝሩን ከአዲስ አበባ ፎቶ ቤት ስንገለብጥ አብሮ ገብቶ ነው!" እያለ በስንት ልመና መለሰን።

ቀጥሎ የዕለቱን ዕቅድ ነገረን። ከኒካሑ በኋላ ሐይቁ ዳር፣ ከዚያ ዳሱ፣ መጨረሻ ላይ ሽኝቱ። "ዋናው ነገር" አለ፣ "ማንም ሰው ወደ እኔ እንዳያይ። አሁን የሚወደደው እንደዚያ ነው። ሙሽራዋ ሙሽራውን ታያለች፤ ሙሽራው ውሃውን ያያል።"

እናቴ ትንሽ አሰበችና "ማንም የማያይህ ከሆነ ታዲያ አንተ ምን ልታደርግ ትመጣለህ?" አለችው።

ከሠርጉ በፊት ቢኒያም ቦታውን ሊያይ እኛ ቤት መጣ። አባቴ በፈገግታ ተቀበለውና "ልጄ፣ ወዴት ወዴት ነው የምትቆመው?" ብሎ ጠየቀው። ቢኒያም በጣም ደስ አለው። እንዲህ ስለ ሥራው የሚጠይቀው የሙሽራ አባት ገጥሞት አያውቅማ። እዚህ ጋ፣ እዚያ ጋ እያለ ሁሉንም አሳየው። አባቴ እያንዳንዱን ቦታ በዓይኑ ለክቶ ያዘ። የድሮ ወታደር አይደል? ማን የት እንደሚቆም ሳያጣራ ሠርግ አይደግስም። ኒካሑ ላይም ካሜራ እንዳይገባ ከሼሁ ጋር አስቀድሞ ጨርሷል።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽራው አጃቢዎቹን ይዞ ከውጫሌ መጣ። እኔ አባቴን እንደ ጥላ እከተለዋለሁ። የምለውን ሁሉ ሸምድጄዋለሁ።

"አባ" አልኩት ሐይቁ ዳር። የታንኳ ጎን ተጠግቶ ቆሟል።

"ወይ?" አለኝ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል።

"ውሃ ላምጣልህ?"

አመጣሁለት፤ ጠጣ። ዳሱ ውስጥም ከምሰሶው ኋላ ሆኖ አገኘሁት። "አባ..." "ወይ?" "ውሃ ላምጣልህ?" ጠጣ። እንደገና ስመጣ ብርጭቆውን ተቀብሎ ትክ ብሎ አየኝና "ልጄ፣ ዛሬ ምን አደረግኩሽ?" አለኝ።

ሽኝቱ ደረሰ። ሐያት የእናቴን ጉልበት ስማ ቀና ስትል ከርቀት በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ ነገርሽው? ራሴን ነቀነቅኩ፤ አልነገርኩትም። ያን ጊዜ ያለቀሰችውን ለቅሶ ሰው ሁሉ የሙሽራ ለቅሶ ነው ብሎ እልል አለላት። እኔ ብቻ ነኝ የማን ሥራ እንደሆነ የማውቀው። መኪናው ወጣ። ሐያት ከአባቷ ጋር አንድ ፎቶ ሳይኖራት ሄደች። ከዚያ በኋላ ስልክ በደወለች ቁጥር እኔ ጓዳ ነኝ።

ከቀናት በኋላ ቢኒያም ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። "እትዬ፣ ይቅርታ" አለ። "አልበሙ ከመታተሙ በፊት እዩት። ጋሽ እንድሪስ ሥራዬን አበላሹብኝ።"

ከፈተው። ሐያት ሙሽራውን ታያለች፤ ሙሽራው ውሃውን ያያል። ከታንኳው ኋላ ደግሞ ኮፊያ ያደረገ ራስ ብቅ ብሎ ፊት ለፊት ያየናል። አባቴ! የሚቀጥለውን አለፈ። ሚዜዎቹ ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ከዳሱ ምሰሶ ጎን አንድ ዓይንና ግማሽ ጢም ካሜራውን ያያል። አባቴ! የቀረውስ? በባነሩ ጠርዝ፣ በሴቶቹ ትከሻ መሃል፣ በመኪናው መስታወት በኩል። ለካ ካሜራ ለመሸሽ ካሜራው የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ወደ እኔ እንዳታዩ በተባለበት ሠርግ ላይ ቀኑን ሙሉ ካሜራውን ሲያይ የዋለው አንድ ሰው እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ የሽኝቱ መጣ። ሐያት እናቴ ጉልበት ላይ ተደፍታለች። ከአጠገባቸው የበሩን መጋረጃ ከፈት አድርጎ አባቴ ቆሟል። እዚህ ላይ ብቻ ካሜራውን ረስቶታል። የሚያየው ሐያትን ነው፤ የእጁን ጀርባ ዓይኑ ላይ አድርጎ።

እናቴ ወደ ላፕቶፑ ተጠጋች። ቢኒያም የተቆጣች መስሎት "አብሽሩ፣ በኮምፒውተር አጠፋቸዋለሁ! ምልክታቸውም አይታይ!" አለ።

"እንዳትነካው!" አለች እናቴ። "አንዴ ጠፍቷል፤ ይበቃዋል።"

የሽኝቱን ፎቶ በስልክ ለሐያት ላክንላት። ወዲያው ደወለች። ትሳቅ ታልቅስ አይለይም። "አሹዬ፣ እንዴት ብለሽ አሳመንሽው?" አለችኝ። ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሁሉ ወረደልኝ። "በውሃ" አልኳት።

እናቴ ፎቶውን አሳጥባ፣ መስታወት አስገብታ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። አባቴ ከመስጂድ ሲመለስ አየው። ቀረብ አለ። አሁን አንስቶ ወደ ምድጃው ይሄዳል አልን። እጁን ዘረጋና ፍሬሙን ትንሽ አቃናው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ አልነበርሽም እንዴ? ኮፊያዬ እንዲህ ተጣሞ ምን ነበር ብትነግሪኝ?"

አፌን ከፈትኩ።

"ውሃ ላምጣልህ?" አልኩት።