እትዬ የሺሃረግና የቁርጥ ዋጋ ጠላትነታቸው

ዋጋ ሳያስቀንስ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ድንበር ማዶ በሶማሌዎች ከተማ ላለችው ሰፈራችን ለጅግጅጋ ያር፣ ማለትም ለ«ትንሿ ጅግጅጋ»፣ የደረሷት ክብርት እትዬ የሺሃረግ ናቸው፤ የተከራካሪዎች ሁሉ እቴጌ።

ለእመቤታችን ጃንጥላ ተስለው፣ ስለቱ ሲሰምር ወደ ጧፍ አስቀንሰዋል። የሚኒባስ ረዳት ሲያያቸው ፊቱን ያዞራል። ልብስ ሻጯ ዓሻ «ወላሂ፣ ቁርጥ ዋጋ ነው!» ያለቻቸው ቀን፣ እንደ ስድብ ቆጥረውት ሳምንት አኮረፉ። ስልታቸው አንድ ነው፤ «በይ ተዪው» ብለው ሦስት እርምጃ ይሄዳሉ። በአራተኛው ሻጩ ራሱ ይጠራቸዋል።

አብራቸው የምትኖረው ፀጉር ሠሪዋ ጸደንያ ከእሳቸው ጋር ገበያ መውጣት ሞቷ ነው። ያን ማክሰኞ ግን ክሊኒክ የሄዱት ለእሷው ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ካንሰር ይዟት፣ አዲስ አበባ ደረቷ ላይ የጨረር ሕክምና ወስዳ ድናለች። ሐኪሞቹ ያኔ «ይህ ጨረር ኋላ የጡት ካንሰር ሊያመጣብሽ ይችላል፤ ከሃያ አምስት ዓመትሽ ጀምረሽ በየዓመቱ ተመርመሪ» ብለው ወረቀት ሰጥተዋት ነበር። አሁን ሃያ ሰባቷ ነው። «ድኛለሁ እኮ!» እያለች ወረቀቱን ሻንጣ ሥር ቀበረችው። እትዬ የሺ ቤት ሲያጸዱ አገኙትና ቤቱ ቀወጢ ሆነ።

ድንበሩን ተሻግሮ ዋናዋ ጅግጅጋ አድጋ አማርኛ የምታቀላጥፈው ነርስ ኒሞ ጸደንያን አየት አድርጋ፣ «ገና ልጅ ናት። የጡት ምርመራ ከአርባ ዓመት ጀምሮ ነው» አለች።

«አርባ? አሥራ አምስት ቀንሺ!»

«እናቴ፣ ዕድሜ እኮ ነው፤ ቲማቲም አይደለም!»

ተሰላፊው በሳቅ ፈረሰ።

«በሃያ ስድስት ጨርሺኝ!»

«ለእርስዎ ስል ሠላሳ አምስት» አለች ኒሞ፣ ጨዋታው እሷንም ይዟት።

ጸደንያ በእፍረት ቀልታ «ይቅር እትዬ፣ እንሂድ» ብላ ወደ በሩ አመራች። እትዬ የሺ ግን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አልሄዱም። አግዳሚው ላይ ዘፍ ብለው ወረቀቱን ከደረታቸው መዘዙ።

«አርባ ያለው ሰውዬ ይችን ልጅ ያውቃታል? ከሞት አፍ ተነጥቃ የወጣችን ልጅ ‹ዳነች› ብሎ መርሳት ምን የሚሉት ነው? አንብቢው!»

ኒሞ አነበበች። ሳቋ ጠፋ። «ይህንን አስቀድመው አያሳዩኝም ነበር?»

«ሳልከራከርማ?»

ኒሞ ጸደንያን በእጇ ይዛ አስገባቻት።

ከምርመራው በኋላ ዶክተር ሳሊሃ በሶማሊኛ ተናገረች፤ ኒሞ ተረጎመች፦ «ለዛሬው ንጹሕ ነሽ፤ ደግ አደረጋችሁ። ግን በየዓመቱ ትመጫለሽ።»

«በሁለት ዓመት አንዴ ቢሆንስ?» አለች ጸደንያ።

«ቁርጥ ዋጋ ነው!» ብለው ጮኹ እትዬ የሺሃረግ።

ጸደንያ ሦስት እርምጃ ወደ በሩ ሄደች። በአራተኛው፣ ማንም ሳይጠራት፣ ተመልሳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።