ሳልለመን እሺ ያልኩ ዕለት

እኛ ወሎዎች ስብሰባ ላይ ስንጠቆም እንዴት እንደምንሆን ታውቁ የለ? ሰውዬው ወንበሩን ሲመኝ ከርሞ፣ ስሙ ሲጠራ «ኧረ ከኔ የተሻሉ አሉ» ይላል። ይለመናል፤ እምቢ ይላል። ሽማግሌ በአላህም በማርያምም ሲለምነው እያዘነ እሺ ይላል። ፊቱን ብታዩት መርዶ የሰማ ነው የሚመስላችሁ። ቶሎ እሺ ያለማ ሥልጣን የራበው ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ አለቀላት።

ቤቴ ደሴ ነው፤ የማስተምረው ኮምቦልቻ ጫፍ ያለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ቦርዱ የመምህራን ተወካይ ሊያስመርጥ ነው ሲባል እንቅልፍ አጣሁ። ምክንያቴ በሩ ነው። ደወል ከተደወለ በኋላ ይቆለፋል፤ ያረፈደ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይመለሳል። የሚመለሱት ግን ከገጠሩ በእግር የሚመጡት የኔ አንደኛ ክፍሎች ናቸው። በብረቱ ሽንቁር እያዩኝ «ሀ፣ ሁ» ማለት ያቅተኛል። ርእሰ መምህሩን ብለምናቸው «የቦርድ ውሳኔ ነው» አሉኝ። እንግዲያው ቦርድ መግባት ነዋ!

ቅዳሜ ወላጁም መምህሩም ተሰበሰበ። ዱዓ ተደረገ፤ ቄሱም መረቁ። እምቢታዬን ከቤቴ ተለማምጄ፣ አንገት አደፋፉን ሁሉ አጥንቼ ነው የመጣሁት። ጓደኛዬ እጇን አውጥታ ጠቆመችኝ። ልቤ ዘለለ፤ አፌን ከፈትኩና፣

«እሺ!»

ያውም ብድግ ብዬ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። የወላጆቹ ሽማግሌ ሼህ ሰይድ መቁጠሪያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ወላሂ፣ ለምነን ያስገባነው ሁሉ ሥራ ሲመጣ ‹ድሮስ አልፈልግም ብዬ ነበር› ይለናል» አሉ። «ይቺ ምን ብላ ታመልጠናለች?»

እጅ ሁሉ ወጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እስከ ደሴ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ለብቻዬ ስስቅ ነው የሄድኩት።

በመጀመሪያው ስብሰባ የበሩን ነገር አነሣሁ። አንድ ነጋዴ የቦርድ አባል፣ «ደሴ የምታድር መምህርት ለአርፋጅ ብትከራከር አይገርምም፤ ለራሷ ነው» አሉ። ደሜ ፈላ። እኔ አርፍጄ እንደማላውቅ፣ ወደፊትም እንደማላረፍድ በሰው ሁሉ ፊት ማልኩ። ሼህ ሰይድ ደገፉኝ፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ከሰኞ ጀምሮ በሩ ለአርፋጅ ይከፈት ተባለ። አሸነፍኩ!

ሰኞ ማለዳ ልጆቼ ሲገቡ በዓይኔ ልይ ብዬ ተሳፈርኩ። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ውጦታል። ሾፌሩ እየዳሰሰ፣ እኔ እየተቁነጠነጥኩ፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ደወሉ ከተደወለ ቆይቷል። እየሮጥኩ በሩ ላይ ደረስኩ። አንድም ልጅ ውጭ የለም፤ የምሥራቹን ሰምተው ነው መሰል ሁሉም በጊዜ ገብተዋል። ነጋዴው የቦርድ አባል ግን፣ አዲሱ ውሳኔ እንዴት እንደሚሠራ ሊያዩ መጥተው ግቢው ውስጥ ቆመዋል።

ዘበኛችን ጋሽ ደምሴ ቆባቸውን አውልቀው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ።

«ይግቡ መምህርት» አሉ። «ዕድሜ ለቦርዱ።»