ጋሽ ገብረእዝጊ አያምኑም

እያንዳንዱ የኮንዶሚኒየም ብሎክ አንድ ውሃ የማያደርስ ቧንቧ፣ አንድ ባለቤቷ የማይታወቅ ድመት እና አንድ መጽሐፍ ቅዱስን ከምእመናኑ በላይ የሚያውቅ ኢ-አማኒ አለው። ምእመናኑ እሑድ እሑድ የሚገልጡትን መጽሐፍ እሱ ሰኞም ማክሰኞም ይገልጠዋል። ለመጽናናት አይደለም፤ ስህተት ፍለጋ ነው። ስህተት እፈልጋለሁ እያለ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከእጁ አይለየውም።

አያት ሰፈር ውስጥ ለእነ ገላኔ ብሎክ የደረሱት ጋሽ ገብረእዝጊ ናቸው። ስማቸው ሲፈታ የእግዚአብሔር አገልጋይ ማለት ነው። ይህን የሚያነሳባቸው ሰው ሲገኝ፣ “ስሙን ያወጡት አባቴ ናቸው፤ እኔን አላማከሩኝም” ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ቀይ እስክሪብቶው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም፤ አሁንም ከደረት ኪሳቸው አይጠፋም።

ገላኔ መገናኛ ካለ መድኃኒት ቤት ቆማ ስትሸጥ ውላ፣ በባቡር ተጋፍታ፣ አራተኛ ፎቅ ቤቷ ለመድረስ በሦስተኛው ማለፍ አለባት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ሊቀ ሊቃውንቱ በራቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል።

“ገላኔ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ኖኅ ወደ መርከቡ ከየከብቱ ስንት ስንት አስገባ?”

“ሁለት ሁለት፣ ጋሽ ገብረእዝጊ።”

“ምዕራፍ ስድስት ላይ፣ አዎ። ምዕራፍ ሰባት ላይስ?”

ገላኔ ስለ ምዕራፍ ሰባት የምታውቀው ነገር የለም። የያዘችው ፌስታል እየከበዳት ነው።

“ከንጹሑ ሰባት ሰባት” ይላሉ፣ መርከቡን ራሳቸው የጫኑ ይመስል ፊታቸው እየበራ። “እኔ አላምንም፤ ግን በትክክል እናንብበው።”

ከኦርቶዶክስ ጋር ሲከራከሩ ጴንጤ ይሆናሉ፣ ከጴንጤ ጋር ሲከራከሩ ኦርቶዶክስ። አንድ ቅዳሜ ሁለት ወጣት ሰባኪዎች በራቸውን አንኳኩ። ጋሽ ገብረእዝጊ እንደ ሙሽራ ተቀበሏቸው፤ ሻይ ቀረበ፣ ብስኩት ቀረበ። ለሃያ ደቂቃ ብለው የገቡት ልጆች የወጡት ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። አንደኛው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ይዞ እንደነበር ምድር ቤት ሱቅ ያለው ሰይድ አይቷል። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ከሁለተኛ ፎቅ በቀጥታ ወደ አራተኛ አለፉ። ጋሽ ገብረእዝጊ ቅር ብሏቸው ሰነበቱ።

ይህ እንዲህ እያለ የገላኔ ታናሽ ወንድም ጉዲሳ ወደቀ። የግድግዳ ልሰና የሚሠራበት ሕንፃ መወጣጫው ተደርምሶ ከሦስት ሜትር በላይ ወረደ። ቀኝ እግሩ ተሰበረ፣ ሁለት የጎን አጥንቶቹ ተሰነጠቁ። ሐኪሞቹ እግሩን በጀሶ ጠቅልለው ወደ ቤት ላኩት። ይድናል ተባለ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሲያቀርቡለት ሁለት ጉርሻ ይበላና ይመልሰዋል።

የወደቀው ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን ነበር። ያን ዕለት ጠዋት፣ “ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፣ ልቅር እንዴ?” ብሎ ነበር። “ፎርማኑ ይቆጣሃል፣ ሂድ” ያለችው ገላኔ ናት። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ አልተናገረም፤ እሷም አልተናገረችም።

ጠያቂው ጎረፈ። ጋሽ ገብረእዝጊም ብርቱካን ይዘው መጡ። ሰው ሁሉ “እግዚአብሔር ይማርህ” እያለ ሲገባ፣ እሳቸው “ይማርህ” ብቻ ብለው ተቀመጡ። ማን እንደሚምረው አልተናገሩም። ግሡ ብቻውን ይበቃል፤ የአራሚ ብልሃት ነው።

ከዚያ አቶ ሰቦቃ ገቡ። አቶ ሰቦቃ የገላኔ እናት የእማማ ፋናዬ አጎት ልጅ ናቸው። አያት የጤፍ ማሳ በነበረ ጊዜ አጥር ለአጥር ይኖሩ ነበር። ጉዲሳን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“በሚካኤል ቀን መወጣጫ ላይ ምን አወጣው? ቀኑን የናቀ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። መልአኩ ነው የጣለው።”

እማማ ፋናዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ጉዲሳ ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጋ። ገላኔ የያዘችውን የሻይ ትሪ ለአቶ ሰቦቃ አቀረበች፤ ፊታቸውን ግን አላየችም።

“አቶ ሰቦቃ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ” አሉ ጋሽ ገብረእዝጊ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ በረጅሙ ተነፈሰ።

“ሰሊሆም ላይ ግንብ ተደርምሶ የገደላቸው ሰዎች ስንት ነበሩ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ?”

“አሥራ ስምንት። ሉቃስ አሥራ ሦስት። ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ የከፉ በደለኞች ስለነበሩ ይመስላችኋል ወይ ብሎ የጠየቀው ራሱ ክርስቶስ ነው። መልሱንስ ያውቁታል?”

አቶ ሰቦቃ አቀማመጣቸውን አስተካከሉ። “ንስሐ ካልገባችሁ እናንተም እንደዚያው ትጠፋላችሁ ነው ያለው። ይህን እንኳ አውቃለሁ።”

“ብሏል። ግን ከዚያ በፊት ‘አይደለም’ ብሏል። ደግሞም ንስሐ ግቡ የተባሉት ቆመው የሚያወሩት ናቸው እንጂ የወደቁት አይደሉም።”

“አንተ ሰው፣ በማታምንበት መጽሐፍ ልታስተምረኝ ነው?”

“እኔ አላምንም” አሉ ጋሽ ገብረእዝጊ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እርስዎ ግን ያምናሉ።”

አቶ ሰቦቃ ሻያቸውን አንስተው ጠጡ፤ ትኩስ ነበር፣ ግን ጠጡት። ትንሽ ቆይተውም ቀጠሮ እንዳለባቸው ትዝ አላቸውና ተነሱ።

እማማ ፋናዬ መጽሐፍ ቅዱሱን ከራስጌያቸው አስመጡ። ዓይናቸው ፊደል አይለይላቸውም። “እስቲ ያልከውን አንብብልኝ” አሏቸው። ጋሽ ገብረእዝጊ አነበቡ። ይበቃል ያላቸው ስለሌለ ቀጠሉ፤ ሦስት ዓመት ፍሬ ያጣችውን በለስ፣ ባለቤቱ ትቆረጥ ሲል አትክልተኛው ቆፍሬ ፍግ ላድርግላት፣ ለአንድ ዓመት ተዋት ብሎ የለመነላትን አነበቡ።

“ይቺ በለስ አንተ ነህ” አሉ እማማ ፋናዬ።

“እትዬ ፋናዬ፣ ብዙ ተርጓሚዎች በለሷ እስራኤል ናት…”

“እስራኤልን አላውቃትም። አንተን ግን አውቅሃለሁ። ይኸው ሰባት ዓመትህ እዚህ ብሎክ ውስጥ። ፍጉ ነው ያነሰህ።”

ከግድግዳው በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ጉዲሳ ጎኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ እያመመው ይስቅ ነበር። ጋሽ ገብረእዝጊ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በክርክር ተሸንፈው ደስ ያላቸው መሰሉ።

ሲወጡ ገላኔ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው። እዚያ ላይ፣ ሳታስበው፣ ከአፏ ወጣ።

“ጋሽ ገብረእዝጊ፣ ያን ቀን ልቅር ሲል ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።”

ጋሽ ገብረእዝጊ የደረጃውን ብረት ይዘው ወደ እሷ ዞሩ።

“እነዚያ አሥራ ስምንቱ” አሉ፣ “ያን ጠዋት ከየቤታቸው ሲወጡ ሂዱ ያላቸው ሰው ሳይኖር አይቀርም። እናት፣ ሚስት፣ እህት። ስለዚያ ሰው አንዲት የወቀሳ ቃል አልተጻፈችም። ስህተት ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብትኖር አታመልጠኝም ነበር።”

ብለው ወረዱ።

ገላኔ ወደ ቤት ተመልሳ ከወንድሟ አልጋ ጫፍ ተቀመጠች። ከሚካኤል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ፊቱን አየችው።