የጋሼ ማስረጃ ላጲሶች

በየመሥሪያ ቤቱ ሹመቱ በደብዳቤ ያልተገለጸ፣ ቃሉ ግን ከዋና ሥራ አስኪያጁ ይልቅ የሚፈራ አንድ ሰው አለ። ካላመናችሁ ነገ ቢሮ ስትገቡ ዙሪያችሁን ቃኙ። ፈልጋችሁ ካጣችሁት ሰውዬው እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

የእኛው መዝገብ ቤት ውስጥ ነበሩ። ክቡር የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የዘጠኝ በዘጠኝ ሰንጠረዥ ጠቅላይ አዛዥ፣ የግምት ቀንደኛ ጠላት! እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው፤ ለእኛ ጋሼ ማስረጃ ናቸው።

ነገሩ ሱዶኩ ነው። ለማያውቀው ላስረዳ፦ ሰማንያ አንድ ቤቶች ያሉት ሰንጠረዥ ነው። በየረድፉ፣ በየዓምዱና ዘጠኝ ዘጠኝ ቤት በያዘው በየሳጥኑ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች ሳይደገሙ መግባት አለባቸው። ጋዜጣው የሳምንቱን ከባድ ሱዶኩ ሰኞ ሰኞ ያወጣል። ለመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ጋዜጣ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑም ለጨዋታ እንዳይነካ ጋሼ ማስረጃ ራሳቸው ደንግገዋል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት እሳቸው ጋዜጣው ላይ በእስክሪብቶ ይፈቱታል፤ አዎ፣ በእስክሪብቶ! ከዚያ የታተሙትን መነሻ ቁጥሮች በካርቦን ወረቀት በአንድ ጊዜ አራት ቅጂ ገልብጠው ያድሉናል፤ ዋናውን ገጽ ቁጥር ሰጥተው ፋይል ውስጥ ያስገቡታል። መልስ የሚቀርበው አርብ በምሳ ሰዓት ነው።

የዛሬ ዓመት ደብዳቤ አርቃቂ ሆኜ ስቀጠር የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ወረቀቱ ደረሰኝ። እርሳሴን አነሳሁና አንዷ ቤት ውስጥ ስድስት ጻፍኩ። ወዲያው ከጀርባዬ ድምፅ መጣ።

«ማስረጃህ ምንድነው?»

«እ… ይመስለኛል ጋሼ።»

«ይመስለኛል? ሐኪሙ ‹ጉበትህ ሳይሆን አይቀርም› እያለ ቢቀድህ ደስ ይልሃል?»

ላጲሴን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስተው ኪሳቸው ከተቱት። «ይሄ እጅህ ላይ እስካለ ድረስ ስትገምት ነው የምትኖረው» አሉኝና ሄዱ። ግማሽ ላጲስ ነበር፤ ቢሆንም አንጀቴ አረረ። ፀሐፊዋን ጠይቄ እንደተረዳሁት ከእሷ ሦስት፣ ከሒሳብ ሹሙ አምስት ወስደዋል።

በሱዶኩ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ፀሐፊዋ «ዛሬ ሊዘንብ ነው» ካለች «ማስረጃሽ?» ይሏታል። ሻይ «ቀዝቅዟል» ሲባል ጣታቸውን ብርጭቆው ላይ ያሳርፋሉ። አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ቀርቼ ደውዬ ብነግራቸው በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ «በሁለቱም» ስላቸው «እንግዲያው ሁለት ማስረጃ ታመጣለህ» አሉኝ።

ሒሳብ ሹሙ አንድ አርብ «እንዲያውም ይሄ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል» ብሎ ነበር። ምነው ባላለ! ሰው ሁሉ ባለበት አስቀምጠው የገዛ ራሱን ስድስት ስህተቶች አንድ በአንድ ለቀሙለት። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቢሮ «ጥያቄው ተሳስቷል» ማለት እንደ ነውር ይቆጠራል።

ማስተማሩን ግን ተክነውበታል። አንድ ረድፍ ላይ ሁለት ቤቶች ቀርተውኝ፣ ሁለቱም ሦስትንና ስምንትን ብቻ የሚቀበሉ ሆነው፣ የቱ የት እንደሚገባ ጨንቆኝ ስቁለጨለጭ ወንበራቸውን ጎትተው መጡ።

«ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ሁለት አልጋም አለ። ማን በየትኛው እንደሚተኛ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ሦስተኛ ሰውስ እዚያ አልጋ ያገኛል?»

«አያገኝም!»

«በል እንግዲህ፣ ከሌሎቹ ቤቶች ሦስትንና ስምንትን አስወጣቸው።»

አስወጣኋቸው። አንዷ ቤት ውስጥ አምስት ብቻዋን ቀረች፣ እሷን ተከትላ ሰባት፣ ከዚያ ሁለት! ደስታዬ ቅጥ አጣ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ምን አግኝተህ ነው እንዲህ የምትፈነድቀው?» አለችኝ።

«ሦስትና ስምንትን!»

«እሰይ፣ ጠፍተው ነበር እንዴ?»

ይሁንና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ እሳቸው እገዛ የፈታሁት አንድም ከባድ ሱዶኩ አልነበረም። የጡረታቸው ቀን ደርሶ ደብዳቤያቸውን ያረቀቅኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ሆዴ ባባ፤ ደብዳቤውን ስሰጣቸው ሰው ሁሉ እየሰማ ቃል ከአፌ አመለጠኝ። «ጋሼ፣ ከመሄድዎ በፊት አንዱን ብቻዬን ካልፈታሁ ከሰው አይቁጠሩኝ!» አልኩ። ሦስት አርቦች ቀርተው ነበር። ሁለቱ በውርደት አለፉ።

በመጨረሻው ሳምንት የታደለን ሱዶኩ የጉድ ነበር። ፀሐፊዋ ማክሰኞ እጅ ሰጠች። ሒሳብ ሹሙ ረቡዕ ወረቀቱን አጣጥፎ የሚወዛወዝ ጠረጴዛው እግር ስር አስገባው። ጋሼ ማስረጃ በመካከላችን እየተንጎራደዱ «አስቡ እንጂ! እኔ በሃያ ደቂቃ ነው የጨረስኩት» ይሉናል። እኔ ሐሙስ ላይ አንድ ቦታ ደርሼ ቀጥ አልኩ፤ ከላይ በስተቀኝ ባለው ሳጥን ውስጥ ለአራት ቁጥር ቤት ጠፋላት። ሰባት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ሰባቱንም ጊዜ አራት ሜዳ ላይ ቀረች።

ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ታዲያ ተሳስቷል በላቸዋ።»

«በመጨረሻ ቀናቸው? ሰው ሁሉ ፊት?»

«ማስረጃ አለህ?»

«አንቺም ጀመርሽ?»

አርብ በምሳ ሰዓት የስንብት ኬኩ ተቆረጠ። ወረቀቴን ይዤ ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ጥያቄው ተሳስቷል።»

 ሒሳብ ሹሙ ኬኩን አስቀምጦ በሐዘኔታ ተመለከተኝ።

«ማስረጃህ ምንድነው?»

«ይሄ ሳጥን አራት ይፈልጋል። በላይኛው ረድፍ በግራ በኩል አራት ታትሟል። በመካከለኛው ረድፍ ደግሞ አራት የግድ እዚህ፣ ከሳጥኑ ውጭ ነው የምትገባው፤ ሌላ ቦታ የላትም። በታችኛው ረድፍ ክፍት የሆነችው ይህቺ አንድ ቤት ብቻ ናት፤ እሷንም በዓምዷ ታች ያለው አራት ዘግቷታል።»

መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው ረድፉን ሄዱበት፣ ዓምዱን ወረዱበት። ከመደርደሪያው ፋይሉን አወጡና የጋዜጣውን ገጽ ከቅጂው አጠገብ ዘረጉት። በጋዜጣው ላይ ያቺ የታችኛዋ አራት ሰባተኛው ዓምድ ላይ ናት። በእኛ ቅጂ ስምንተኛው ላይ። ሲገለብጡ አንድ ቤት አንሸራተዋታል!

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሆዳቸው፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አምስት ቀን ሙሉ! አምስት ቀን ሙሉ ሰው ሳሰቃይ ከረምኩ!» ብለው ጥምጥም አሉብኝ።

ሒሳብ ሹሙ አጋጣሚውን አላሳለፈም። «ታዲያ ያኔ የኔስ ጋሼ?»

«ያንተ ያንተው ስህተት ነው!»

ቀጥለው ያልተጠበቀ ነገር ጠየቁ፤ «ላጲስ ያለው ሰው?» ማን ይኑረው! ቁልፋቸውን አውጥተው የታችኛውን መሳቢያ ከፈቱ። ሃያ ሦስት ላጲሶች፣ እያንዳንዳቸው በትንሽ ፖስታ፣ በቁጥርና በቀን ተደርድረዋል። ለየባለቤቱ አስፈርመው ማደል ጀመሩ። የእኔ ሲደርስ «ቆይ፣ አንዴ ላውሰው» ብለው ያቺን የተሳሳተች አራት ይፈገፍጓት ጀመር። ካርቦን በላጲስ የት ይጠፋል! ወረቀቱ ተበሳ፤ በአራት ቦታ ቀዳዳ ቀረ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አራትን በትክክለኛ ቤቷ በእስክሪብቶ ጻፍኳትና ቀሪውን ጀመርኩ። ጋሼ ማስረጃ እንዳያግዙኝ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ቆሙ፤ እንዳይናገሩም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። በሃያ ስድስት ደቂቃ፣ የተበሳው ቤት ቁጥር ከቀዳዳው ጎን ተጽፎ፣ ሰማንያ አንዱም ቤት ሞላ። ማን እንደጮኸ አላውቅም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ላጲሴ የነበረበትን ፖስታ ያነበብኩት ከሸኘናቸው በኋላ ነው። «ንብረት፦ ላጲስ፣ ግማሽ። የተያዘበት ምክንያት፦ ግምት» ይላል። ከስሩ በአዲስ ቀለም የተጨመረ መስመር ነበረ፦ «የተመለሰበት ምክንያት፦ ማስረጃ አቅርቧል።» አነበብኩና አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። እኒህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ጋዜጣው መጣ። የሚገለብጥ ሰው ጠፍቶ ሁሉም እኔን አየኝ። ገለበጥኩ፣ ሁለቴ አመሳከርኩ፣ አደልኩ። በጠረጴዛዎቹ መካከል ሳልፍ ፀሐፊዋ እርሳሷን አንስታ በጥድፊያ ዘጠኝ ስትጽፍ አየሁ።

«ማስረጃሽ ምንድነው?» አለ አንድ ድምፅ። የእኔው ነበር።

ፀሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝና ላጲሷን ብብቷ ውስጥ ሸሸገች።