የአማቴን ጉድጓድ በእንዶድ ያጠብኩ ዕለት

ወገኖቼ፣ ዕድሜ ልኬን የደበቅኩት ጉድ ዛሬ ምሳ ላይ ተዘረገፈ! ያውም በገዛ ሚስቴ!

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስለ ባክቴሪያ ትማራለች። «አባባ፣ ባክቴሪያዎች በደቦ ነው የሚሠሩት። ጠንካራውን ተክል አንዱ ማብላላት ሲጀምር ሌላው ይጨርሰዋል። ፋብሪካም ይጠቀምባቸዋል» አለችኝ።

ባለቤቴ አስካለ በሳቅ ፈነዳች። «አያትሽን ጠይቂው! አንድ ደቦ ሙሉ ፈጅቷል!»

ሼም! ከሰው አፍ ከምትሰሙት ራሴው ልናገር።

በጃንሆይ ዘመን ነው። የአስካለ አባት ጋሽ በለጠ ከአንኮበር ቁልቁል ባለች መንደር ገመድ ይሠሩ ነበር። የቃጫ ቅጠል ጉድጓድ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፤ ሥጋው ሲበሰብስ ክሩ ይቀራል። ያን ሰሞን ደብረ ብርሃን ላለ ፋብሪካ ገመድ ሊያደርሱ ተስማምተዋል።

እኔ ደግሞ አስካለን እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌ ልኬያለሁ።

ግን የጉድጓዱ ሽታ! ሽማግሌዎቼ አፍንጫቸውን ይዘው ቢመለሱብኝስ?

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ዕለት ጠዋት፣ ጋሽ በለጠ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ቀድሜ ሄጄ ውኃውን ደፋሁ። ጉድጓዱን በእንዶድ ፈተግኩ። ቅጠሉን ሳይቀር አጥቤ የምንጭ ውኃ ሞላሁበት። እንዴት ያለ አማች ነኝ!

ጋሽ በለጠ መጡ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«አንተ! ሠራተኞቼን የት አደረስካቸው?»

ሰው የጠፋ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ።

«ያ የገማው ውኃ ነው ሠራተኛዬ! ያለ እርሾ የሚቦካ ሊጥ አይተሃል? ገመዱ ለቀጠሮው ካልደረሰ ልጄን እርሳት!»

ሩጫ ወደ አልዩ አምባ! እዚያም ገመድ የሚሠሩ ሼህ ሐሰን የሚባሉ ሰው ነበሩ።

«ወላሂ፣ ግማት የሚለምን ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» ብለው ከጉድጓዳቸው በቅል ሞሉልኝ።

ዳገቱ ላይ የቅሉ ክዳን ወለቀ። ግማሹ ኮቴ ላይ ፈሰሰ። ኮቱ ደግሞ የተውሶ ነው!

ስደርስ ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው «ልጃችን ንጹሕ ነው፣ ጨዋ ነው» እያሉ ነው።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንደኛው በነጠላው አፍንጫውን ሸፈነ። አስካለ ከጓዳ ብቅ ብላ እስኪያልባት ሳቀች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

የተረፈውን ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥኩና በየጠዋቱ እየሄድኩ ማሽተት ሆነ ሥራዬ። አንድ ቀን ሸተተ! እንዲያ ደስ የሚል ግማት አሽትቼ አላውቅም። ገመዱም ለቀጠሮው ደረሰ፣ አስካለም ተሰጠችኝ።

ኮቱን ባለቤቱ አልቀበልም አለ። እሱኑ ለብሼ ተሞሸርኩ። ዛሬ ምሳ ላይ አስካለ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ሠርጋችን ላይም ይሸት ነበር። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

እስቲ እናንተ፣ ለፍቅር ብላችሁ ምን ምን ሸትታችኋል? ኮመንት ላይ ጻፉ እንጂ፣ ብቻዬን አታዋርዱኝ!