ጭራቁ ሰላምታ ያውቃል

[ነጌሌ ቦረና፣ 1980 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ቀን ሰባት ሰዓት ተኩል። የሀጂ ዓብዱልመጂድ ቪዲዮ ቤት። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል፤ ጠረጴዛው ላይ ቴሌቪዥንና ማይክ አለ። ባለፈው ቅዳሜ የታየው የጭራቅ ፊልም ዛሬም በስምንት ሰዓት ይታያል። አዳነ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ማይክ ይዞ የፈረንጅ ፊልም ለሕዝቡ ይተረጉማል። ጂሎ የከብት ገበያ ደላላ ነው፤ ከፊተኛው ወንበር ቀርቶ አያውቅም።]

ጂሎ፦ አንተ እንደፈለግህ በል። ጭራቁ ጨዋ ነበር።

አዳነ፦ ጂሎ፣ ጭራቅ እኮ ነው የምልህ። ሁለት ቀንድ አለው። ጥርሱ አገጩ ላይ ወርዷል።

ጂሎ፦ ቀንድማ የኔም በሬ አለው። በሬዬን ባለጌ ልትለው ነው?

አዳነ፦ በሬህ ሰው በልቶ ያውቃል?

ጂሎ፦ ጭራቁስ ማንን በላ?

አዳነ፦ ፖስተኛውን ነዋ። ዓይንህ እያየ።

ጂሎ፦ ፖስተኛው ሰላም ሲሉት ደብዳቤውን ጥሎ ሮጠ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? [ትንሽ ያስባል] መብላቱ ግን በዛ። እሱን አልክድም።

አዳነ፦ ይኸው፤ እንዲህ ያለ ተመልካች ይዤ ነው ዛሬ ከሥራዬ የምባረረው።

ጂሎ፦ ከመዝገብ ቤት?

አዳነ፦ ከመዝገብ ቤትማ ቢያባርሩኝ ማን ልብ ይለዋል። ከማይኩ ነው እንጂ። ሀጂ ትናንት ጠርተው ምን አሉኝ መሰለህ? «አዳነ፣ ይህን ፊልም ከሞያሌ ያስመጣሁት ሰው እንዲፈራበት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሕዝቡ እያለቀሰ ወጣ። ዛሬም አንድ ሰው ለጭራቁ ካለቀሰ ማይኩን ለሌላ እሰጣለሁ» አሉኝ።

ጂሎ፦ ማን አለቀሰ?

አዳነ፦ ማን ያላለቀሰ አለ? ወተት ሻጯ ዲንኪቱ ጭራቁን ሲያቃጥሉት ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ይባስ ብሎ ሰኞ ለት ሦስት ሽማግሌዎች እስከ ሀጂ ሱቅ ድረስ መጡ። የፊልሟን ልጅ ቤተሰብና የጭራቁን ቤተሰብ እናስታርቅ ብለው።

ጂሎ፦ [ቀና ብሎ] አንደኛው እኔ ነኝ።

አዳነ፦ አንተ?

ጂሎ፦ ሦስተኛ ሰው ጎደለን ሲሉኝ ምን ልበል? እርቅ እንቢ ይባላል?

አዳነ፦ [ራሱን ይይዛል] አምላኬ፣ ይህን ሰው ለኔ ብለህ ነው የፈጠርከው። ና፣ ተቀመጥ። ሰው አስፈሪ ፊልም ለምን እንደሚወድ ከሥሩ ላስረዳህ።

ጂሎ፦ [ይቀመጣል] አስረዳኝ።

አዳነ፦ ፍርሃት እንደ ሚጥሚጣ ነው። ያቃጥልሃል፣ ዓይንህን ያስለቅስሃል፣ አንተ ግን ጨምሩልኝ ትላለህ።

ጂሎ፦ እኔ ሚጥሚጣ አልወድም።

አዳነ፦ እሺ፣ ሚጥሚጣውን ተወው። ሰው ከፍሎ ገብቶ መፍራት ይፈልጋል።

ጂሎ፦ ለምን ይከፍላል? በፊልቱ መንገድ ሲመሽ ብቻውን በእግሩ ይሂድ። በነጻ ይፈራል።

አዳነ፦ እዚያማ አውሬ የእውነት ይበላዋል! እዚህ ፈርቶ፣ ጮሆ፣ ጎረቤቱን ጨምድዶ ይዞ፣ ከዚያ መብራቱ ሲበራ ሻዩን ጠጥቶ ቤቱ ይገባል። ጣዕሙ እሱ ላይ ነው። ፈራህ፣ ግን ምንም አልሆንክም።

ጂሎ፦ ይሄ ገባኝ።

አዳነ፦ እውነት?

ጂሎ፦ ጅብ ነው። ጅብ ከአጥሩ ውጭ ይጮሃል። እኛ ውስጥ ነን፤ እሳት አለ፣ አጥሩ ጠንካራ ነው። ልጁ እናቱን ይጠጋል፤ ሽማግሌው አሮጊቷን ይጠጋል። ሌላ ቀን ዞር በይ የሚላትን። ደስ ይላል።

አዳነ፦ አንተ፣ ልክ ነህ እኮ። አሁን ጭራቁን በጅቡ ቦታ ተካው።

ጂሎ፦ እምቢ አለኝ።

አዳነ፦ ለምን?

ጂሎ፦ ያ ጅብ አጥሩ ሥር መጥቶ «ሎን ናጋ? ከብቱ ደኅና ነው?» ቢለኝ አልፈራውም። እንዲያውም ግባ እለዋለሁ።

አዳነ፦ ደግሞ ማን ነው ስለ ከብት የጠየቀ?

ጂሎ፦ ጭራቁ ነዋ። ከውሃ ጉድጓዱ ወጣ፤ የጉድጓዱ ባለቤት የት እንደሄደ አይታወቅም፤ የፈረንጅ ጉድጓድ እንደኛው ጠባቂ የለውም መሰለኝ። የልጅቷን በር ገንጥሎ ገባ። አፉን ከፈተ። ያኔ አንተ በማይኩ «ናጋ? ሎን ናጋ? ኢጆሌን ናጋ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ዝናቡስ እንዴት ነው?» አልክ። ቤቱ ሙሉ ሰው «ናጋ» ብሎ መለሰለት። ያቺ ልጅ ብቻ አልመለሰችም። ጮኸችበት።

አዳነ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ሰላምታውን ልብ ብላችሁት ነበር?

ጂሎ፦ ልብ ብላችሁት? ከዚያ በኋላ ያለውን ማን አየ? ሁላችንም መልሺለት እንጂ ምን አለበት እያልን ነበር። አንድ ፍጥረት ከመንገድ መጥቶ፣ ከብትሽን ጠይቆ፣ ልጆችሽን ጠይቆ፣ አንቺ በመጥረጊያ ትይው? ከዚያ ወንድሞቿ መጥተው ጎተራ ውስጥ ዘግተው አቃጠሉት። እንግዳ ነው ያቃጠሉት፣ አዳነ።

አዳነ፦ ያገሳ ነበር እኮ፣ ጂሎ። ማገሳት ነው።

ጂሎ፦ እኔ ጉንፋን የያዘው ሰው መስሎኝ።

አዳነ፦ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አገሳ። እኔ ማይክ ይዤ ሦስት ደቂቃ ዝም ልበል? ዝም ብል «አዳነ ቋንቋው ጠፋበት» ትላላችሁ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ሰላምታ ደግሞ ሲረዝም ይረዝማል። ሕዝቡም ሲመልስልኝ ደስ አለኝ፤ ስለ ግመሎቹ ጨመርኩበት።

ጂሎ፦ የግመሉ ጊዜ ነው ዲንኪቱ ማልቀስ የጀመረችው። እሷ ግመል አላት።

አዳነ፦ [ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል] አለቀልኝ በቃ። ጂሎ፣ አንተ ይሄ ማይክ ለኔ ምን እንደሆነ አይገባህም። መዝገብ ቤት ስምንት ዓመት ሠራሁ። ፋይል አምጣ፣ ፋይል መልስ። ስሜን የሚያውቅ አልነበረም፤ «አንተ የመዝገብ ቤቱ» ነበር የሚሉኝ። ይህን ማይክ ከያዝኩ ወዲህ ገበያ ስወጣ ጋሽ አዳነ፣ ጋሽ አዳነ ነው። ባለፈው ቀድሪያ ስኳር ስትመዝንልኝ እንኳ ጨመር አድርጋ ሰጠችኝ። ይህ ከሚቀርብኝ እጄ ቢቀር ይሻለኛል።

ጂሎ፦ አይዞህ። ሰው እንዲፈራ ነው የምትፈልገው?

አዳነ፦ አዎ። ዘዴም አዘጋጅቻለሁ። ዛሬ ጭራቁን እንዲህ አስብለዋለሁ፤ ስማ። [ማይኩን አንስቶ ድምፁን ያጎረንናል] «እበላሻለሁ! አጥንትሽን እቆረጥመዋለሁ! አሁን በቀኝ በኩል ዞሬ በጓሮ በር ነው የምመጣው!»

ጂሎ፦ ይሄማ ሐሳቡን ሁሉ ነገረን።

አዳነ፦ እና?

ጂሎ፦ ገበያ ላይ የሚጮህብኝን ገዥ አልፈራም። «ይሄ በሬ ከሲታ ነው፣ ይሄን ያህል ብር አልሰጥህም» የሚለውን። ያ ልቡን አሳይቶኛል። የምፈራው ዝም ብሎ መጥቶ የበሬዬን ጥርስ አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ምንም ሳይል የሚቆመውን ነው። ያኔ ምን አየ? ምን አወቀ? እላለሁ።

አዳነ፦ እሱ ገበያ ነው፤ ይሄ ኪነ ጥበብ ነው።

ጂሎ፦ ጭራቁን ዝም አስብለው። ሰላምታም አትስጠው፤ አንተም ዝም በል። በር ገንጥሎ ገብቶ ናጋ የማይል ከሆነ፣ ያ ምን ፈልጎ እንደመጣ አይታወቅም። እኔ ራሴ በመስኮት ነው የምወጣው።

አዳነ፦ ሰላም ባለማለት ሰው ይፈራል? የመዝገብ ቤቱ ጓድ ኃላፊ ስምንት ዓመት ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

ጂሎ፦ እና አትፈራውም?

አዳነ፦ [አስቦ] እሱን ተወው።

ጂሎ፦ እንሞክረዋ። እኔ ወጥቼ እገባለሁ።

አዳነ፦ አንተ? አንተን ልፈራ? በዚህ በጠራራ ፀሐይ? ሂድ፣ ውጣ። ሳትስቅ ግን።

[ጂሎ ይወጣል። አዳነ ብቻውን ይስቃል። በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ጂሎ ይገባል። ሰላምታ የለም። በሩን ከኋላው ይዘጋና ቆሞ አዳነን ያየዋል።]

አዳነ፦ ጥሩ ነው። ኮስተር ብለሃል። እንኳን ደኅና መጣህ።

[ጂሎ ዝም።]

አዳነ፦ እንኳን ደኅና መጣህ አልኩህ። አካም? ናጋ?

[ጂሎ ዝም። አንድ እርምጃ ወደፊት።]

አዳነ፦ [ፈገግታው እየቀረ] ጂሎ፣ ገብቶኛል። በቃ፣ ይበቃል። ናጋ በለኝ።

[ጂሎ ዝም። ሌላ እርምጃ።]

አዳነ፦ ምነው? ውጭ የሆነ ነገር ሰማህ እንዴ? ሰው ሞተ? ከቦሬ መልእክት መጣ? እናቴ ናት? ንገረኝ፤ እችለዋለሁ።

[ጂሎ ዝም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ የአዳነን ጥርስ ያያል።]

አዳነ፦ ጥርሴን ምን ታያለህ? ጂሎ፣ ገበያ ስላወጣኸው ስለዚያ ወይፈን ከሆነ እኔ አይደለሁም። እግሩን ያነክሳል ብዬ ለገዥው የነገርኩት እኔ አይደለሁም። [ወደ ኋላ ያፈገፍጋል] እሺ፣ እኔ ነኝ። አምልጦኝ ነው። ልጆቼን አሳድግበት፤ አንድ ቃል ብቻ በል።

[ጂሎ ቀስ ብሎ እጁን ያነሳል። አዳነ ወንበር ላይ ይዘላል፤ ጥቁሩን ጨርቅ ጨብጦ ከመስኮቱ ይገነጥለዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ አገር ይያዝልኝ እያለ ይጮሃል። በሩ ይበረገዳል። ሀጂ ዓብዱልመጂድ እያለከለኩ ይገባሉ።]

ሀጂ፦ ማን ነው የጮኸው? ፊልሙን ጀመራችሁት እንዴ?

ጂሎ፦ [እጁን አውርዶ] ናጋ፣ ሀጂ። ቤቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ?

ሀጂ፦ ናጋ፣ ናጋ። ማን ነው የጮኸው አልኩ?

አዳነ፦ [ከወንበር ላይ ሳይወርድ] እኔ ነኝ፣ ሀጂ። ልምምድ ላይ ነበርን።

ሀጂ፦ እኔ መስጊዱ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። ጫማዬን እንኳ በትክክል አላደረግኩም። ምን አሳየህ?

ጂሎ፦ ምንም አላሳየሁትም።

ሀጂ፦ ምን አልከው?

ጂሎ፦ ምንም።

[ሀጂ ጂሎን ያያሉ፤ አዳነን ያያሉ፤ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ውጭ ያያሉ። ደጅ ላይ የሰው ጫጫታ ይሰማል።]

ሀጂ፦ ሕዝቡ ጩኸቱን ሰምቶ ተሰልፏል። ባለፈው ያልነበረ ሰው ሁሉ። በል ጂሎ፣ ማይኩን አንተ ያዝ።

አዳነ፦ [ዘሎ ይወርዳል] ሀጂ፣ እንዴት ይሆናል? ጂሎ እኮ እንግሊዝኛ አያውቅም።

ሀጂ፦ አንተስ?

[አዳነ ማይኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል።]

ሀጂ፦ እኔ ኬንያ አምስት ዓመት ነግጃለሁ። ፈረንጅ ስለ ግመል ሲጠያየቅ ሰምቼ አላውቅም። ዝም ስልህ የቆየሁት ሕዝቡ ስለወደደህ ነው። አሁን የምፈልገው ዝም የሚል ሰው ነው።

አዳነ፦ እሺ ይሁን። ዝም የሚል ሰው ታዲያ ማይክ ምን ያደርግለታል?

ሀጂ፦ እሱ ካልያዘው አንተ ትይዘዋለህ።

አዳነ፦ [ዓይኑ እንባ ያቀርራል] እኔስ፣ ሀጂ? ከነገ ጀምሮ ተመልሼ «አንተ የመዝገብ ቤቱ» ልባል ነው?

ሀጂ፦ ማን አባረረህ? አንተ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለህ። ጭራቁ ሲገባ ልክ አሁን እንደጮህከው ትጮሃለህ። አንድ ሰው ከልቡ ከፈራ ስድሳው ተከትሎት ይፈራል፤ ከብት እንዲህ ነው፣ ሰውም እንዲህ ነው።

አዳነ፦ ሰው ይስቅብኛል።

ሀጂ፦ ስማ እስኪ ውጭውን። «አዳነን ያስጮኸው ፊልም የቱ ነው?» እያለ ነው ሰው። በስምህ ነው የተሰለፈው፣ ልጄ። [ጨርቁን አንስተው ለአዳነ ይሰጡታል] በል፣ ይህን መልሰህ ስቀል። በሩን ልከፍት ነው።

[ሀጂ ይወጣሉ። አዳነ እንባውን ጠርጎ ጨርቁን ይሰቅላል። ጂሎ ማይኩን አንስቶ ያገላብጠዋል፤ ጠረጴዛው አጠገብ ይቆማል።]

አዳነ፦ እንግዲህ ጂሎ፣ ይቅናህ። አልቀየምህም። ደግሞ ማይኩን አፍህ ላይ አታስጠጋው፤ ይጮሃል።

[ጂሎ ያየዋል። ዝም።]

አዳነ፦ ባይሆን መሐል ላይ አንድ ሁለት ቃል ብረዳህስ? አጭር ሰላምታ ብቻ። ለፖስተኛው።

[ጂሎ ያየዋል። ዝም።]

አዳነ፦ [ወደ ኋላው ወንበር እያፈገፈገ] ጂሎ፣ አሁን ደግሞ ለምን ዝም አልክ?

ጂሎ፦ ሥራ ጀመርኩ።