ሐራ ላይ ያገኘሁት የቺፕ ፋብሪካ

ወገን፣ ይህን የምጽፍላችሁ በአንድ ዓይኔ ነው። ሌላው አብጦ ተዘግቷል። ፊደል ከሳትኩ ይቅር በሉኝ!

የዛሬውን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አታምኑም፤ ግማሻችሁ ደግሞ ስክሪንሻት አንስታችሁ ለቤተሰቤ ትልካላችሁ። አትድከሙ። ቤተሰቤ እዚያው ነበር።

አዲስ ለመጣችሁ፦ ሰይድ እባላለሁ፣ ወልድያ ሞባይል እጠግናለሁ። በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የዓለምን የቺፕ ወይም የሴሚኮንዳክተር ፋብሪካ ኢንቨስትመንት እከታተላለሁ። ታይዋን የት ገነባች፣ አሜሪካ የቱን አዘገየች፣ ህንድ የት መሠረት ጣለች... ቻርት ሠርቼ እለጥፋለሁ።

ማን ጠየቀህ? ማንም!

ግን ስልክ ውስጥ የምንቀይራት ቺፕ ከአዲስ አበባ ስትጠፋ፣ ከጠጋኞቹ ሁሉ ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ። በዚህም ኩራት ቢጤ ይዞኛል።

እና ባለፈው ሳምንት ለሥራ ሐራ ሄጄ ስመለስ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አየሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሦስት ሰዎች። ከላይ እስከ ታች ነጭ ቱታ፣ ፊት የሚሸፍን ኮፍያ፣ ነጭ ጓንት!

ባለሁበት ቆምኩ።

ይህን ልብስ በቪዲዮ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ቺፕ ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ብናኝ እንዳትገባ ሠራተኛው የሚለብሰው ነው። የበሩን ዘበኛ "ምንድን ነው ይሄ?" ብዬ ስጠይቀው፣ "ፕሮጀክት ነው፤ መግባት ክልክል ነው" አለኝ።

ክልክል! በቃ፣ አለቀ! ባቡር ሐዲዱ እዚያው ሐራ፣ ቺፕ የሚታጠብበት ውሃም ቅርብ። ሁሉም ገጠመልኝ።

የቺፕ ፋብሪካ መብራት ለሰከንድ እንኳ እንዲጠፋበት እንደማይፈልግ ቻናሌ ላይ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። የጻፍኩትም መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ አብርቼ ነበር። እሱ እንኳ አላነቃኝም!

ለእናንተ ብቻ ለጥፌ በተውኩት። የለም፣ ዓርብ ዕለት መርሳ፣ አጎቴ ይመር ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ ከከተማው ዳር፣ መንገዱ አጠገብ፣ አያቴ የተከሏቸው የማንጎ ዛፎች አሏቸው።

"አጎቴ፣ ለሐራው የቺፕ ፋብሪካ ከታይዋን ኢንጂነር ሊመጣ ነው። ማደሪያ ይፈልጋል። ማንጎውን ይቁረጡና የሚከራይ ክፍል ይሥሩበት" አልኳቸው። ቻርቱንም አሳየኋቸው!

ቻርቱን ራቅ ቀረብ እያደረጉ ብዙ አዩት። ከዚያ "አንተ ካልክ" አሉና ለዛሬ ደቦ ጠሩ። ጎረቤቱ መጥረቢያውን ይዞ ሊመጣ ማለት ነው።

እኔስ ዛሬ ጠዋት የት ነበርኩ? ለእናንተ ቪዲዮ ልሠራ ሐራ! ዘበኛው አልነበረም። ስልኬን ደግኜ "ውድ ተከታታዮቼ፣ ታሪካዊ ቀን ላይ ነን" እያልኩ ዘው አልኩ።

አንዷ ነጭ ለባሽ ዞራ አየችኝ። እጇን እያወናጨፈች "አንተ ሰውዬ! ውጣ! ቀፎው ተከፍቷል!" ብላ ጮኸች።

ቀፎ?

የመጀመሪያዋ ቅንድቤ ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ከንፈሬ ላይ። የቀሩትን አልቆጠርኩም፣ እሮጥ ነበር።

የወጣቶች የንብ ማነብ ማኅበር ነው ወገን! ሥልጠና ላይ ናቸው! ልጅቷ አስፋልት ድረስ ተከትላኝ መጥታ፣ እየሳቀች መንደፊያውን በጥፍሯ ነቀለችልኝ።

"ኸረ ምን ፈልገህ ነው የገባኸው?"

"ሴሚኮንዳክተር" አልኳት።

"እሱ እንኳ የለንም። ማር ግን ይደርሳል" አለችኝ።

ይሄኔ ነው ደቦው ትዝ ያለኝ።

ለአጎቴ ደወልኩ። ዝግ! ለምን ዝግ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስልካቸው ወልድያ፣ የእኔው ጠረጴዛ ላይ ተፈታቶ ተኝቷል። ቺፕ እስኪመጣለት እየጠበቀ! ለጎረቤቶቻቸው ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም።

ሞተር ኮንትራት ይዤ መርሳ! መንገዱን ሙሉ "ያ ረብ፣ አንድ ዛፍ እንኳ ትረፍ" እያልኩ ነው የሄድኩት። ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ። እነዚያ ዛፎች ሥር ነው ያደግኩት። አጎቴ የልጆቻቸውን ደብተርና ልብስ የሚያወጡት ከዚያው ማንጎ ነው። ቢቆረጥም እሳቸው ይቅር ይሉኛል፤ እኔ ግን በየት በኩል መርሳን አልፋለሁ?

ደረስኩ።

ቆመዋል! ሁሉም ቆመዋል! መጥረቢያዎቹ መሬት ላይ ተጋድመው፣ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ጥላው ሥር ተቀምጧል።

ለካ ወሎ መሆናችንን ረስቼዋለሁ! ዱዓ ሳይደረግ ሥራ ተጀምሮ ያውቃል? ዱዓውን የያዙት ደግሞ ሸህ አደም ናቸው። ሸህ አደም ከጀመሩ የሞተውን፣ ያለውን፣ መንገደኛውን፣ ከብቱን አንድ በአንድ ሳያነሱ አይጨርሱም። ሸሁ ይኑሩልኝ!

ታዲያ ዱዓ አይቋረጥ። ምን ላድርግ? እኔም ተቀምጬ መዳፌን ዘረጋሁ።

"ፋብሪካውን ፈጥኖ ያቁምልን!"

"አሚን!"

"ጭሱን ወዲያ ያድርግልን!"

"አሚን!" የቺፕ ፋብሪካ እንዲህ አያጨስም ልል ነበር፣ ከንፈሬ እምቢ አለኝ።

"ለልጆቻችን እንጀራ ያውጣበት!"

"አሚን!"

"ይህን ያበሰረንን ሰይድን ዕድሜውን ያርዝምልን!"

የኔ አሚን ከሁሉም ዝቅ ያለች ነበረች።

ዱዓው አልቆ ሰዎቹ ፊታቸውን በመዳፋቸው እንዳበሱ ብድግ አልኩ። "አጎቴ፣ እንዳይቆርጡ! ፋብሪካ የለም። ንብ ነው!"

ሁሉም ፊቴን አየ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

"አጃኢብ!" አሉ ሸህ አደም፤ "ይህን ሁሉ የለመንነው ለንብ ነው?" ሳቁን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? አንዱማ መጥረቢያውን አቅፎ ተንከባለለ።

አጎቴ ግን አልሳቁም። አጠገባቸው ያለውን ግንድ ተደግፈው ቁጭ አሉና "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። ዓይናቸውን በፎጣቸው ጠረጉ።

"ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግጄ አንድ በአንድ ስሰናበታቸው ነበር" አሉኝ።

"ታዲያ ምነው እምቢ ቢሉኝ?"

"አንተ የዓለሙን ስትነግረኝ እኔ የማንጎ ነገር ላንሳ? አፈርኩ ልጄ።"

ይቺ ከንቦቹ ሁሉ በለጠችብኝ።

ለደቦው የተሠራው ምሳ ያለ ሥራ ተበላ። እኔም በግማሽ አፌ በላሁ። ተዋርጃለሁ፣ አዎ፤ መርሳ ላይ እስከ መቼ እንደሚሳቅብኝ አላህ ይወቅ። ግን ወላሂ እንደ ዛሬ ቅልል ብሎኝ አያውቅም። ዛፎቹ አሉ። አጎቴም መርቀው ሸኙኝ።

ቻናሉን ዝጋ እንዳትሉኝ፣ አልዘጋም።

ግን እስኪ ፍረዱኝ፦ ታይዋን ላይ የሚገነባውን እግር በእግር የምከታተል ሰውዬ፣ አጠገቤ የተቀመጡትን አጎቴን አንድ ጊዜ "አንቱስ ምን ይላሉ?" ማለት እንዴት ያቅተኛል?